«መቋቋም» ወይስ «መላመድ»? ስለ ጉበት ካንሰር ግንድ ሕዋሳትና ስለ ጨረር ሕክምና ስያሜዎች

1. መነሻ

በሕክምና ጽሑፍ ትርጉም ሥራ ላይ ለተሰማራ ሰው «የጉበት ካንሰር ግንድ ሕዋሳት ጨረርን ይቋቋማሉ» የሚለው ዐረፍተ ነገር በሰዋስው ረገድ የሚያስቸግር ነገር የለበትም። ባለቤት አለው፤ ተሳቢ አለው፤ ማሰሪያ አንቀጽ አለው። ችግሩ የሚጀምረው ዐረፍተ ነገሩ ከወረቀቱ ወጥቶ በሐኪምና በሕመምተኛ መካከል ሲነገር ነው። በውስጡ ያሉት ቃላት፣ ከነባሩ አማርኛ የተገኙትም ሆኑ ከውጭ የተወሰዱት፣ ሰሚው ከሳይንሱ በፊት የሚያውቀውን ሌላ ትርጉም ይዘው ይመጣሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ቃላት አንድ በአንድ መመርመር፣ ከሁሉም ይልቅ «መቋቋም» እና «መላመድ» በተባሉት ሁለት ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት ማሳየት፣ በመጨረሻም ለተርጓሚዎች የሚያገለግሉ ስያሜዎችን ማቅረብ ነው።

ለማሳያ የተመረጠው አካባቢ መተማና የምዕራብ ጎንደር ቆላ ነው። ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛ፣ መተማ ዮሐንስ ከሱዳኗ ገላባት ጋር ፊት ለፊት የምትተያይ የድንበር ከተማ ናት። በአካባቢው ከአማርኛ ሌላ የሱዳን ዐረብኛ፣ ጉምዝኛና ትግርኛ ይሰማሉ፤ ለሰሊጥ፣ ለጥጥና ለማሽላ እርሻ ሥራም በየዓመቱ የጉልበት ሠራተኞች ከደጋው በብዛት ይወርዳሉ። ሁለተኛ፣ ቆላው ሆድን የሚያሳብጡ በሽታዎች የሚታወቁበት ስለ ሆነ፣ የውስጥ አካላትን ስም ማሳሳት በዚያ የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

2. ጉበትና ጎረቤቶቹ

ግእዝ ጉበትን «ከብድ» ይለዋል፤ ያው ቃል ሆድንም ሊያመለክት ይችላል። ዐረብኛም ከዚሁ ሥር በወጣው ቃል ጉበትን ይጠራል። ትግርኛ ግን «ከብዲ»ን ለሆድ አውሎ፣ ጉበትን «ጸላም ከብዲ» በማለት ለይቶታል። አማርኛ በበኩሉ ሥሩን ለ«ከበደ» እና ለ«ከባድ» ትቶ፣ ለአካሉ «ጉበት» የሚለውን ስም ይዟል። በዚህ ምክንያት አንድ የትግርኛ ተናጋሪ «ከብደይ» ብሎ ሆዱን ሲያመለክት፣ ዐረብኛን የለመደ አስተርጓሚ ጉበቱን እንደ ጠራ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ፍጹም ባዕድ ከሆኑ ቃላት ይልቅ ተርጓሚን ያሳስታሉ፤ ባዕዱን ቃል ማንም ይጠይቃል፣ ዘመድ የመሰለውን ግን የሚጠይቅ የለም።

ቀጥሎ የሚመጣው የጣፊያ ጉዳይ ነው። በመተማና በሑመራ ቆላ የታወቀው ካላዛር፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ በሚተላለፍ ጥገኛ ተሕዋሲ የሚመጣ በሽታ ነው። ረጅም ትኩሳት፣ ክሳትና የጣፊያ ማበጥ ዋና ምልክቶቹ ናቸው፤ ጉበትም አብሮ ሊያብጥ ይችላል። ስሙ ከሕንድ የመጣ ሲሆን «ካላ» ጥቁር፣ «አዛር» ደግሞ ደዌ ማለት ነው። ጣፊያ በግራ፣ ጉበት በቀኝ ከጎድን አጥንት ሥር የሚገኙ ሁለት አካላት ሆነው ሳለ፣ ሁለቱም «የሆድ ማበጥ» በሚል አንድ ሐረግ ከተጠቀለሉ፣ በመድኃኒት ሊድን የሚችለው ካላዛርና ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ የሚታወቀው የጉበት ካንሰር በአንድ ስም ይጠራሉ ማለት ነው።

ሦስተኛው «የወፍ በሽታ» ነው። አማርኛ በዚህ ስም የሚጠራው ዐይንንና ቆዳን ቢጫ የሚያደርገውን ሕመም ስለ ሆነ፣ ስሙ የምልክት ስም እንጂ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። ሄፓታይተስ ቢ የተባለው ቫይረስ ግን ያለ አንዳች ቢጫነት ለብዙ ዓመታት በጉበት ውስጥ ኖሮ፣ በመጨረሻ ጉበትን ወደ ጠባሳነት ለውጦ ለካንሰር ሊያጋልጥ ይችላል። እንግዲህ «የወፍ በሽታ ይዞህ ያውቃል?» ተብሎ ቢጠየቅ «አያውቅም» የሚል ሰው፣ እውነቱን ተናግሮም ቫይረሱን የተሸከመ ሊሆን ይችላል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በኢትዮጵያ መደበኛ የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለደው ትውልድ በአብዛኛው ሳይከተብ ያደገ ነው። ከቫይረሱ ሌላ፣ በእርጥበት በተከማቸ ኦቾሎኒ፣ በቆሎና ማሽላ ላይ የሚያድር ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝም ከታወቁት የጉበት ካንሰር መንሥኤዎች አንዱ ነው።

3. ነቀርሳ፣ ካንሰርና ሸርጣን

የግሪክ ሐኪሞች ዕጢውን በሸርጣን መስለው ሰየሙት፤ ላቲኑ «ካንሰር» ብሎ ተረጎመው፤ ዐረብኛም «ሰረጣን» ሲል ሸርጣንንም በሽታውንም ማለቱ ነው። አማርኛ «ሸርጣን» የሚለውን ቃል ለእንስሳውና ለኮከቡ ይዞ፣ ለበሽታው ግን ሁለት ስም አለው፤ «ነቀርሳ» እና «ካንሰር»። «ነቀርሳ» ነባር ቃል በመሆኑ ተርጓሚዎች ቢመርጡት አያስደንቅም። ዳሩ ግን «የሳንባ ነቀርሳ» የሚለው ሐረግ ለቲቢ የተሰጠ ነው፤ ቲቢ በባክቴሪያ የሚመጣ፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ በመድኃኒትም የሚድን በሽታ ነው። በዚህ የተነሣ «የጉበት ነቀርሳ» የተባለ ሕመምተኛ ከቤተሰቡ ማዕድ ሊገለል፣ ወይም በተቃራኒው የወራት ኪኒን ውጦ የሚድን ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «ካንሰር» የሚለውን ውሰት ቃል መርጠናል። ነባር ቃል ሁልጊዜ ከውሰት ቃል ይሻላል የሚለው ደንብ፣ ነባሩ ቃል በሌላ በሽታ ከተያዘ አይሠራም።

4. ሕዋስና ግንድ

«ሕዋስ» በግእዝ የስሜት መሣሪያን ያመለክታል፤ አምስቱ ሕዋሳት ሲባል ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስና መዳሰስ ማለት ነው። በኋላ ለሥነ ሕይወት ጽንሰ ሐሳብ ተሰጠ፤ የፖለቲካ ድርጅቶችም ለትንሹ የአባላት ስብስብ ተጠቀሙበት። ይህ ስያሜ በትምህርት ቤት መጻሕፍት ሥር የሰደደ ስለ ሆነ ልንለውጠው አይገባም።

አከራካሪው «ግንድ» ነው። የጀርመኑ ሳይንቲስት ኤርንስት ሄከል እ.ኤ.አ. በ1868 ቃሉን በጀርመንኛ ሲፈጥር፣ «ሽታም» የሚለው ክፍል የዛፍ ግንድ ማለት ብቻ ሳይሆን ነገድና የትውልድ ሐረግ ማለትም ነበር። ሄከል የፈለገውም ይኸኛውን ነበር፤ ሁሉ የተወለደበትን የመጀመሪያ ሕዋስ። እንግሊዝኛ ቃሉን ሲወስድ የተክል ግንድነቱ ጎልቶ የትውልድ ሐረግነቱ ደበዘዘ። አማርኛ ግን ዕድለኛ ነው፤ «የዘር ግንድ» ስንል የምንናገረው ስለ ዛፍ ሳይሆን ስለ ትውልድ ነው። ስለዚህ «ግንድ ሕዋስ» ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለመጀመሪያው ሐሳብ የቀረበ ነው። «ሥር ሕዋስ» ያልን እንደ ሆነ ግን፣ ነቅሎ መጣል ይቻላል የሚል ትርጉም እንጨምርበታለን።

የቃሉም አቀማመጥ ጥንቃቄ ይሻል። «ግንደ ሕዋስ» ብለን በግእዝ ዘርፍ ብናናብበው፣ እንደ «ቤተ መጻሕፍት» ሁሉ ዋናው ቃል ፊተኛው ይሆንና «የሕዋስ ግንድ» የሚል ፍች ይሰጣል። የምንፈልገው ደግሞ ግንድ የሆነ ሕዋስ ነው። ስለዚህ በአማርኛው ሥርዐት «ግንድ» ቅጽል ሆኖ «ሕዋስ»ን ሊቀድም ይገባል።

ጽንሰ ሐሳቡ በሙከራ የተረጋገጠው ከጨረር ጋር በተያያዘ ጥናት መሆኑን መጥቀስ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በካናዳ ቶሮንቶ ጄምስ ቲልና ኧርነስት መካላክ አይጦችን በገዳይ መጠን ጨረር መትተው የሌሎች አይጦችን መቅኔ ሰጧቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላም በአይጦቹ ጣፊያ ላይ ትናንሽ ጉብታዎች አገኙ፤ እያንዳንዱም ጉብታ ከአንድ ሕዋስ የተነሣ መሆኑ ከጊዜ በኋላ ታወቀ። ሙከራው የተጀመረው የመቅኔ ሕዋሳት ለጨረር ያላቸውን ስሱነት ለመለካት ነበር። ከዚህ የምንረዳው አንድ ቁም ነገር አለ፤ ጤናማው የመቅኔ ግንድ ሕዋስ በጨረር ቶሎ የሚጎዳ ነው። ግንድ መሆን በራሱ ጨረርን መቋቋም ማለት አይደለም። ስለዚህ ሁለቱ ጽንሰ ሐሳቦች በሁለት ስያሜ መገለጽ አለባቸው።

በካንሰር ውስጥ እንዲህ ያሉ ሕዋሳት መኖራቸውን በደም ካንሰር ላይ የጆን ዲክ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1994 አሳየ፤ በጡት ካንሰር ላይ በ2003 ተከተለ፤ ጉበትም ከ2007 ገደማ ጀምሮ በሰፊው ተጠና። አማርኛው «የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት» በ1989 ዓ.ም. ሲታተም ሐሳቡ ገና ከምርምር ቤት አልወጣም ነበር። በጉበት ዕጢ ውስጥ እነዚህን ሕዋሳት ለመለየት ሲዲ133፣ ሲዲ90፣ ሲዲ13 እና ኤፕካም የተባሉ የሕዋስ ገጽ ምልክቶች ያገለግላሉ። ይሁን እንጂ አንዱም ምልክት ብቻውን በቂ አይደለም፤ ጽንሰ ሐሳቡ የሚተረጎመው በሥራው ነው። ራሱን እየተካ ዕጢውን እንደገና ሊያስነሣ የሚችል ሕዋስ የካንሰር ግንድ ሕዋስ ይባላል።

እዚህ ላይ «የ» የተባለችው አገናዛቢ ሌላ ስሕተት ትጋብዛለች። «የካንሰር ግንድ ሕዋስ» ሲባል ብዙ አንባቢ ካንሰሩ መጀመሪያ የተነሣበት ሕዋስ ይመስለዋል። እርሱ ግን ሌላ ነገር ነው። የጉበት ካንሰር ከበሰለ የጉበት ሕዋስም ሊነሣ ይችላል፤ ከተነሣ በኋላ ግን በዕጢው ውስጥ የግንድነት ጠባይ ያላቸው ሕዋሳት ይገኛሉ። ስለዚህ ፊተኛውን «መነሻ ሕዋስ»፣ ኋለኛውን «የካንሰር ግንድ ሕዋስ» ብሎ መለየት ያስፈልጋል።

5. ጨረር በጉበት ላይ

ከሆስፒታል ደጃፍ «ጨረር» የሚለው ቃል ከ«ራጅ» ጋር ይምታታል። ራጅ መነሣት ለምርመራ ነው፤ የጨረር ሕክምና ደግሞ ሕዋስን ለመግደል ነው። የመጠኑም ልዩነት እጅግ ሰፊ ስለ ሆነ፣ ተርጓሚው «ጨረር» ብቻ ብሎ ማለፍ አይገባውም።

ጨረር ዋና ሥራውን የሚሠራው የሕዋሱን ዲ ኤን ኤ በመስበር ነው። አንዳንዱን ስብራት በቀጥታ ያደርሳል፤ ብዙውን ግን በሕዋሱ ውስጥ ያለውን ውሃ ሰብሮ በሚፈጥራቸው ጠበኛ ቅንጣቶች አማካይነት ያደርሰዋል። ኦክስጅን ካለ ጉዳቱ ይጸናል፤ ኦክስጅን ባነሰበት ቦታ ተመሳሳይ ጉዳት ለማድረስ ከሁለት ዕጥፍ ተኩል እስከ ሦስት ዕጥፍ የሚደርስ መጠን ሊያስፈልግ ይችላል። ጤናማው ጉበት ራሱ ለጨረር ስሱ ነው፤ መላው ጉበት ከ30 ግሬይ ገደማ በላይ ከተሰጠው ሊጎዳ ይችላል። በዚህ ምክንያት ጨረር ለጉበት ካንሰር ለረጅም ጊዜ የመጀመሪያ ምርጫ አልነበረም። ጨረሩን በዕጢው ላይ ብቻ የሚያነጣጥሩ መሣሪያዎች ከመጡ ወዲህ ግን አገልግሎቱ ሰፍቷል። በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ተወስኖ ቆይቶ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እንደ ጅማ ባሉ ከተሞችም ተጀምሯል።

የካንሰር ግንድ ሕዋሳት ከጨረር የሚተርፉባቸው መንገዶች በዋናነት አራት ናቸው። የተሰበረ ዲ ኤን ኤ ፈጥነው ይጠግናሉ፤ ይህም በአንጎል ዕጢ ላይ እ.ኤ.አ. በ2006 ታይቷል። ጠበኛ ቅንጣቶቹን የሚያመክኑ ንጥረ ነገሮች በብዛት ይይዛሉ፤ ይህም በጡት ካንሰር በ2009፣ ከዚያም በጉበት ካንሰር ሕዋሳት ላይ ተዘግቧል። ኦክስጅን በጎደለበት የዕጢው ክፍል ይገኛሉ። አንዳንዶቹም መከፋፈላቸውን ገትተው ይቆያሉ። ይህ ሁሉ በአብዛኛው ከቤተ ሙከራና ከአይጥ የተገኘ ዕውቀት መሆኑን ተርጓሚው በጽሑፉ ውስጥ ሳይሸፍን ሊያስቀምጠው ይገባል።

6. መቋቋምና መላመድ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። በእንግሊዝኛ አንድ ቃል የሚሸፍነውን ጽንሰ ሐሳብ አማርኛ በሁለት ቃል ይናገራል። በጤና ትምህርት ቋንቋ «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» እንላለን። በግብርና ትምህርት ቋንቋ ግን «ድርቅን የሚቋቋም ዝርያ» እንላለን፤ «ድርቅን የተላመደ ዝርያ» ካልን የተለየ ነገር ተናገርን።

ልዩነቱ በግሡ አመል ውስጥ አለ። «ተላመደ» ከ«ለመደ» የወጣ ስለ ሆነ፣ ቀድሞ መገናኘትን፣ ጊዜንና መደጋገምን ይጠይቃል፤ ያላዩትን መላመድ አይቻልም። «ተቋቋመ» ከ«ቆመ» የወጣ ሲሆን ፊት ለፊት ቆሞ አለመውደቅን ያመለክታል፤ ቀድሞ መገናኘትን አይጠይቅም። የቆላ ገበሬ ይህን ልዩነት በማሳው ያውቀዋል። የማሽላን ሥር የሚጠባው አቀንጭራ የተባለ አረም ሲነሣ፣ ሁሉም ማሽላ እኩል አይወድቅም። ኢትዮጵያዊው ሊቅ ገቢሳ ኤጄታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት አቀንጭራንና ድርቅን የሚቋቋም ማሽላ በማዳቀል ነው፤ «ጎብዬ» እና «አብሽር» የተባሉት ዝርያዎችም የዚህ ሥራ ውጤቶች ናቸው። እነዚህ ዝርያዎች አቀንጭራን የተላመዱት አይደለም፤ የአረሙን ዘር የሚቀሰቅሰውን ንጥረ ነገር ከሥራቸው በጥቂቱ ብቻ ስለሚያመነጩ ገና ከዘሩ ተቋቋሚ ናቸው።

የካንሰር ግንድ ሕዋስም ከላይ በተዘረዘሩት መንገዶች ከጨረር የሚተርፈው በአብዛኛው እንደዚሁ ነው፤ የመጀመሪያው ጨረር ከመምጣቱ በፊት ጠባዩ በውስጡ አለ። ስለዚህ «ካንሰሩ ጨረሩን ተላመደው» ብሎ መተርጎም የቃል ስሕተት ብቻ አይደለም። ሕመምተኛው ስለ ቲቢ የተማረውን ያስታውሳል፤ መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ጀርሙን እንዳላመደው ተነግሮታል። ከመተማ ተነሥቶ ጎንደር ለመድረስ 180 ኪሎ ሜትር ያህል፣ አዲስ አበባ ለመድረስ 900 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ፣ በመንገድ መዘጋት ወይም በገንዘብ እጦት አንድ ቀጠሮ ያለፈው ሰው «ተላመደው» የሚለውን ሲሰማ፣ የሚሰማው «አንተ አላመድኸው» የሚል ነው። ሐኪሙ ያልፈረደውን ፍርድ ተርጓሚው ፈረደበት ማለት ነው።

ይህን ስንል ቀጠሮ ማለፍ ጉዳት የለውም ማለታችን አይደለም። ሕክምናው ሲቋረጥ የተረፉት ሕዋሳት በክፍተቱ ጊዜ ይባዛሉ፤ ይህ ግን መባዛት እንጂ መላመድ አይደለም፣ በዚሁ ስሙ መነገር አለበት። እንደዚሁም አንዳንድ ሕዋሳት ከጨረር በኋላ ጠባያቸውን ለውጠው ወደ ግንድነት ሊመለሱ እንደሚችሉ ጥናቶች ያመለክታሉ። ለዚህ ለኋለኛው «መላመድ» ትክክለኛ ቃል ነው። እንግዲህ ሁለቱም ቃላት ያስፈልጉናል፤ የምንቃወመው አንዱን በሌላው ቦታ ማስቀመጥን ነው።

7. እንቅልፍ፣ ሞትና ማገርሸት

መከፋፈሉን ለጊዜው የገታውን ሕዋስ «ያረፈ ሕዋስ» ማለት ይቀላል። ነገር ግን አማርኛ «አረፈ» ሲል ሞተ ማለቱም ነው፤ «አንቀላፋ» እና «አሸለበ» የሚሉትም እንዲሁ ለሞት ይነገራሉ። «ካንሰሩ አርፏል» የተባለ ቤተሰብ በደስታ ወደ ቤቱ ቢመለስ ማን ይፈርድበታል? «ያደፈጠ» ያልን እንደ ሆነ ደግሞ ለሕዋሱ የጠላትነት ሐሳብ እንሰጠዋለን። ስለዚህ ረዘም ቢልም «በእንቅልፍ ላይ ያለ ሕዋስ» የሚለው ከስሕተት የራቀ ነው። ለማስረዳት አቀንጭራ እንደገና ያገለግላል። የሚታየው አረም ተነቅሎ ቢያልቅም፣ ዘሩ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ማሽላ ሲዘራበት ይነቃል። ተመልሶ ለሚነሣ በሽታ አማርኛ ነባር ቃል አለው፤ «አገረሸ»። ለዚህ የውሰት ቃል አያስፈልግም።

8. የቀረቡ ስያሜዎች

ግንድ ሕዋስ፤ ራሱን የሚተካና ሌሎች ዐይነት ሕዋሳትን የሚያስገኝ ሕዋስ።

የካንሰር ግንድ ሕዋስ፤ በዕጢ ውስጥ ሆኖ ራሱን እየተካ ዕጢውን እንደገና ሊያስነሣ የሚችል ሕዋስ።

መነሻ ሕዋስ፤ ካንሰሩ መጀመሪያ የተነሣበት ሕዋስ።

ለጨረር ስሱነት፤ በጥቂት ጨረር የመጎዳት ጠባይ።

ጨረር ተቋቋሚነት፤ ሌላውን ሕዋስ ከሚገድል የጨረር መጠን የመትረፍ ጠባይ።

ጨረር መላመድ፤ ከጨረር በኋላ በተገኘ ለውጥ ምክንያት የመጣ ተቋቋሚነት።

በእንቅልፍ ላይ ያለ ሕዋስ፤ መከፋፈሉን ለጊዜው የገታ፣ ነገር ግን ያልሞተ ሕዋስ።

ማገርሸት፤ በሽታው ጠፋ ከተባለ በኋላ ተመልሶ መነሣቱ።

እነዚህ ስያሜዎች የመጨረሻ አይደሉም። በሆስፒታል የሚያስተረጉሙ ባለሙያዎች፣ በተለይም በአንድ ቀን ውስጥ በሦስት ቋንቋ የሚሠሩ የድንበር ከተሞች ሠራተኞች፣ በሥራ ላይ አውለው ቢፈትኗቸው ጉድለታቸው ይታወቃል። ከዚያ በፊት ግን ለተርጓሚው አንድ ቀላል መመዘኛ ልናቀርብለት እንችላለን። በጉበት ካንሰር ስለ ታመመ ሰው «ተላመደ» የሚለውን ግሥ ከመጻፉ አስቀድሞ፣ ከመላመዱ በፊት ምን ተገናኝቶ ነበር ብሎ ራሱን ይጠይቅ። መልሱ «ምንም» ከሆነ ትክክለኛው ቃል «ተቋቋመ» ነው፤ ሕመምተኛውም የማይገባውን ጥፋት ተሸክሞ ወደ መተማ አይመለስም።